የተራራውን በር በእግር ያለፍንበት ቀን

ከአጋሮ ወደ ጅማ ሲመጣ መንገዱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ይወጣና ተራራው ዝቅ ባለበት ቦታ ይሻገራል። ያን ቦታ በሰፈራችን «በሩ» እንለዋለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚሁ መንገድ ነበር፤ በየክረምቱ ለምን እንደሚናድ። አፈሩ ደካማ ነው ብዬ ደምድሜ፣ ጽሑፉን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ለአማካሪዬ ላስረክብ ከቤተሰቦቼ ዘንድ ወደ ጅማ ተነሣሁ።

ነሐሴ ነበር። በሩ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የሚኒባሱ ሾፌር ድንገት ፍሬን ያዘ። ከፊታችን አስፋልቱ የለም። ጭቃ፣ ድንጋይና ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ዘግተውታል፤ ከላይም አፈሩ ገና ይወርዳል። ሾፌሩ ስልክ ደውሎ ሲያበቃ «ማሽን የሚመጣው ነገ ነው አሉ። እኔ እመለሳለሁ» አለን።

አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ክንዴን ያዙ። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸው ጅማ ሊታከሙ ነበር የሚሄዱት።

«ቀጠሮዬ ነገ ጠዋት ነው» አሉ። «ይሄ ካለፈኝ ሌላው መቼ እንደሚሆን አላህ ነው የሚያውቀው። ከአስፋልቱ በላይ የበቅሎ መንገድ አለ። ልጅ ሆኜ አባቴ ቡና ጭኖ ሲሄድ እከተለው ነበር።»

«እርስዎ አያዩም፤ ታዲያ ማን ይመራናል?» አለ አንድ ተሳፋሪ።

«ዓይኑ የእሷ፣ መንገዱ የእኔ» አሉና እጄን ሳብ አደረጉት።

ሰባት ሆነን ተከተልናቸው።

«ትልቅ ዋንዛ ይታይሻል?»

«ይታየኛል እማማ።»

«በግራው እለፊ። ሱታ፣ ቀስ በይ።»

እየወጣን ያወሩልኝ ነበር። ነጋዴዎቹ በቅሎ የሚያሳርፉት ዋንዛው ሥር ነበር። በኋላ የታችኛው መንገድ ሲወጣ ባለቤታቸው በዶማና በአካፋ ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። መጀመሪያ ጠጠር ነበር፤ ከዚያ ሰፋ፤ ከዚያ አስፋልት ለበሰ። በበቅሎው መንገድ ከዚያ ወዲህ የሚሄደው እንጨት ለቃሚ ብቻ ነው።

«አሁን በስተቀኝ ምንጭ አለ» አሉ።

«የለም እማማ። ቡና ተተክሎበታል።»

ቆሙ። «ዝም በሉ» አሉን። ጥቂት ቆይተው «ቢሻን» አሉ፤ «ውኃው አለ፣ ስሚ።» ተንበርክኬ ጆሮዬን ወደ መሬት አስጠጋሁ። እውነትም ከቡናው ሥር ይንሿሿል።

«ባሌና ጓደኞቹ ከዚህ ጀምረው በድንጋይ ቦይ ሠርተውለት ነበር፤ በመንገዱ ሥር አልፎ ወደ ሸለቆው የሚወርድ። አፉ ይታያል?»

ወደ ታች አየሁ። አፈሩ የተናደው ልክ ከእኛ በታች ነበር፤ የቦይ አፍ ግን የለም። መንገዱ ሲሰፋ ሳይቀበር አልቀረም፤ አፈሩን የሚንደው መውጫ ያጣው ውኃ ነበር ማለት ነው። ጽሑፌ ውስጥ ስለ ውኃ የነበረው ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። አፈርኩ።

ቁልቁለቱ ላይ እማማ ሁለቴ አዳለጣቸው። አብሮን የነበረ፣ ከከምባታ ለቡና ሥራ የመጣ ጎልማሳ «ማዘር፣ ላዝልዎት» ብሎ ጎንበስ አለ። «ባሌ እንኳን አዝሎኝ አያውቅም» ብለው ሳቁ፤ እሱም አዘላቸው። ማዶ መንገዱ ተዘግቶበት የሚመለስ አይሱዙ አግኝተን ሳይመሽ ጅማ ገባን። ልጃቸው መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

በማግስቱ ለአማካሪዬ የሰማሁትን ነገርኩት።

«የእናትየዋን ቃል አላጣጥልም፤ ማስረጃ ግን አይሆንም» አለኝ። «ወይ እንዳለ አስረክቢ፣ ወይ ቆፍረሽ አምጪ።»

አላስረከብኩም። ዝናቡ ሲያባራ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቁፋሮ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን ዶማው ተጠርቦ የተደረደረ ድንጋይ መታ። ቦዩ እስከ አፉ በአፈር ታጭቋል። ምረቃዬ በአንድ ሴሚስተር ተራዘመ፤ ልብሱን አስቀድማ ያሰፋችልኝ እናቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ጽሑፉን ለመንገድ ሥራ ቢሮ ሰጠሁ። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ፣ በሚቀጥለው በጋ ምንጩን የሚያወጣ ቱቦ ተቀበረ። ያ ቦታ ከዚያ ወዲህ አልተናደም። ከእሱ በላይ ያለው ኩርባ ግን አሁንም ይናዳል።

እማማን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንዱ ዓይናቸው በርቶላቸዋል። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ? ድምፅሽን ስሰማ ረጅም መስለሽኝ ነበር» አሉ።

«ሁለተኛውስ ዓይን እማማ?»

«ከቡና ለቀማው በኋላ፣ ኢንሻአላህ። አሁን የሚለቅም ሰው የለኝም። ግቢና ብዪ» አሉና ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልኝ።