አፎት ፍለጋ፣ ከሩዋንዳ እስከ ለሚ ኩራ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ሩዋንዳ ሰፈር

ከቤት ስወጣ ሰፈሩ ገና አልነቃም። የእንግዳ ማረፊያዎቹ መብራት ጭጋጉ ውስጥ እንደ ወተት ፈስሷል፤ አንድ አውሮፕላን ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ያልፋል። ግማሽ እንቅልፌን እንደያዝኩ ታክሲ ገባሁ።

የምፈልገው የሽጉጥ አፎት ነው። አያቴ፣ አባባ፣ ሻምበል ሳሉ የታጠቁት የሶቭየት ማካሮቭ አላቸው። ፈቃድ አለው፣ ጥይት የለውም። አፎቱን መንግሥት ሲለወጥ፣ ወታደርነታቸውን እንዳያሳብቅ ብለው መንገድ ላይ ጥለውታል። አሁን ሽጉጡን ለሙዚየም ሊሰጡ ተስማምተው፣ ሰዎቹ ሰኞ ሊወስዱት ቀጠሮ ከያዙ በኋላ አባባ ሐሳባቸውን ቀየሩ። "ያለ ኦርጅናል አፎቱ፣ ራቁቱን ከቤቴ አይወጣም።"

እውነቱን ልጻፈው። አባባ በየቀኑ ከሰዓት ክፍላቸውን ዘግተው፣ ሽጉጡን ጭናቸው ላይ አድርገው መቀመጥ ከጀመሩ ከርመዋል። ጥይት እንደሌለው እናውቃለን። እናቴ ግን "ሻይ ላምጣልዎት?" እያለች በየአስር ደቂቃው ታንኳኳለች። ሰኞ ካልወጣ መቼም አይወጣም።

2 ሰዓት ተኩል፤ ወሎ ሰፈር

ጋራዦቹ እየተከፈቱ ነው። የተቃጠለ ዘይትና ትኩስ ሳምቡሳ ይሸታል። ከጎማ ቤቱ ጀርባ አንድ ነጋዴ አፎት አወጣልኝ።

"ኦርጅናል ነው እህቴ፣ አራት ሺህ ብር።"

"የስልክ መያዣ ነው የሚመስለው።"

"ስልክም ይይዛል።"

አጠገቡ ቆዳ የሚሰፉት ጋሽ ታምሩ ሳቁ። "የድሮው እኮ ጎኑ ላይ የትርፍ ጥይት ካርታ ኪስ፣ የመወልወያ ዘንግ መሰኪያ አለው። ይሄ ምን አለው? ዚፕ።" መርፌያቸውን አቁመው ትንሽ አሰቡ። "አንድ እውነተኛ በእጄ አልፏል። የወይዘሮ ለተብርሃን ነው፣ የሟች ባላቸው። ማንገቻ ቀጥዬላቸዋለሁ።"

ማንገቻው ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም። አድራሻውን ይዤ በረርኩ።

5 ሰዓት፤ ለሚ ኩራ

ከተማው እዚህ ሲደርስ ይሳሳል። መስኮት ያልገባላቸው ፎቆች ሰማዩን በውስጣቸው ያሳልፋሉ። የሲሚንቶ አቧራ ፀሐይ ላይ ተንሳፍፎ መውረዱን የረሳ ይመስላል።

"ዘመድሽ ናቸው?" አለኝ የባጃጁ ሾፌር።

"አላውቃቸውም።"

"ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?"

"የሽጉጥ አፎት።"

ቀሪውን መንገድ በመስታወቱ እያየኝ ነዳ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ቡናማ ቆዳ፣ የካርታ ኪስ፣ የዘንግ መሰኪያ፣ ሁሉም አለ። ከፈቱት። ውስጡ ትንሽ ዳዊት።

"ባለቤቴ ሲያርፍ ሽጉጡን አስረከብን፣ ቆዳው ቀረ። ለዳዊቴ ማኅደር አደረግሁት።"

"አፎት እኮ ነው" አልኳቸው።

"ነበር። ዳዊት ከያዘ በኋላ ግን ለሽጉጥ አልመልሰውም፣ ልጄ።"

ተናደድኩ። ስለ አባባም ስለ እናቴም ሳልፈልግ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እስክጨርስ ሰሙኝና "አያትሽ ጋ ደውይልኝ" አሉ።

ደውዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

"ሻምበል፣ የፈለጉት አፎት እኔ ጋ አለ። ዳዊት ይዟል።"

አባባ ጠየቁ፦ "የካርታው ኪስስ?"

"የቤቴን ቁልፍ።"

"የዘንጉ ቦታስ?"

"ጧፍ እሰካበታለሁ።"

ከታች ሕፃናት ኳስ ሲያባርሩ ይሰማል።

"አይስጧት" አሉ አባባ። "እዚያው ይሁን።"

9 ሰዓት፤ ቤት

ባዶ እጄን ገባሁ። አባባ ሳሎን ተቀምጠዋል። የለበሱትን ካኪ ሹራብ አንዱን እጅጌ ከትከሻው ቆርጠውታል፤ ክንዳቸው ራቁቱን ነው፣ ቀጭን። እጅጌው ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡን ውጦ፣ አፉ በጫማ ክር ታስሮ ተጋድሟል። እናቴ መቀሱን እንደያዘች አጠገባቸው ቆማለች።

"ሰኞ ሩቅ ነው" አሉኝ። "የሙዚየሙን ሰዎች ዛሬ መምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው።"

ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ።