አባቴ ዋስ የሆነኝ ቀን

ለማስተማር ልምምድ ደምበጫ የመደቡኝ ጊዜ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የጫማ ነገር ነበር። ደብረ ማርቆስ መምህርነት የምንሠለጥን ልጃገረዶች ጥቂት ነን፤ ከእኛ በፊት ለልምምድ የወጡት ደግሞ “ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት የአስተማሪን እግር ነው” ብለው አስፈራርተውናል። ከአንዲት ጓደኛዬ ጥቁር የቆዳ ጫማ ለመንሁ። ስለ ሰፋኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት። ከካርቶን ፊደል ቆርጬ በከሰል አጠቆርሁ። ማታ ማታ ባዶ ክፍል ገብቼ ለወንበሮቹ አስተማርሁ፤ ወንበሮቹም ከብዙ ተማሪ የተሻለ ያዳምጡኝ ነበር።

መሄጃችን አንድ ሳምንት ሲቀረው ዲሬክተሩ ሰበሰቡን። ለምንረከባቸው መጻሕፍትና ልምምዱን አቋርጠን ላለመጥፋታችን እያንዳንዳችን ዋስ እንድናመጣ አዘዙ። ዋሱ ርስት ያለው መሆን አለበት፤ በአካባቢው ዳኛ ፊት ይምላል፤ ወረቀቱ እስከ ሰኞ ይደርሳል። ዋስ ያላመጣ ለልምምድ አይወጣም፣ ልምምድ ያልወጣ አይመረቅም። አንዳንዶቹ ፊታቸው ዳመነ። እኔ ሳቅሁ። አባት እያለኝ ስለ ዋስ ምን አስጨነቀኝ?

ቅዳሜ የአካባቢያችን ዳኛ ባሉበት በአምበር ከአባቴ ጋር ተገናኘን። አባቴ ገበሬ ነው። እናቴ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንቄንም ደብተሬንም የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን የታጠበ ጋቢ ለብሶ መጣ። ወደ ዳኛው ክፍል ስንገባ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ባለጉዳዮች ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው “ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው” አላቸው። አፈርሁበት፣ ደስም አለኝ።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን ጸሐፊው አነበበላቸው። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለውን ወንጌል አስወጥተው፣ “ይህች ልጅህ መሆኗን፣ ብታጠፋም የምትጠየቅላት መሆንህን ወንጌሉን ጨብጠህ ማል” አሉት።

አባቴ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ለርስቱ የፈራ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

“አባዬ፣ ማል እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው” አልሁት።

እኔን አላየኝም። “ጌታዬ፣ መጠየቁን እምላለሁ” አለ። “ልጄ ናት ብዬ ግን ወንጌል አልጨብጥም።”

“እንዴት?” አሉ ዳኛው።

“እናቷን ሳገባት እሷን አርግዛ ነበር። የወለዳት ሰው የሉማሜ ሰው ነው፤ በረሃ ወርዶ ሳለ ወባ ገደለው። እናቷ አትንገራት ብላኝ አልነገርኋትም። ወንጌል ይዤስ እንዴት አድርጌ ልዋሽ?”

ክው አልሁ። እጄ ላይ የነበረውን ደብተር መጣሌን ያወቅሁት ከባለጉዳዮቹ አንዱ አንሥቶ ሲሰጠኝ ነው። የአባቴን አፍንጫ አየሁ፣ የራሴን ዳሰስሁ። “በአባቷ ወጣች” እያሉ ያሳደጉኝ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሲያላግጡብኝ የኖሩ መሰለኝ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁና “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አሉ። ተረቱን ከነባለቤቱ በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያደረ እውነት፣ በሬ በተሰረቀበትና ሚስቱን በፈታ ባለጉዳይ ፊት ካልሆነ የሚጠራበት ቦታ አጣ?

“እንግዲያ ዋስነቱ ይቅር?” አሉ ዳኛው።

“ለምን ይቀራል?” አባቴ ተቆጣ። “አባቷ አይደለሁም አልሁ እንጂ ዋሷ አይደለሁም መቼ አልሁ? ርስቴም በሬዎቼም ይያዙላት። ከእኔ ሌላ ማን አላት?”

አሁን ወንጌሉን ያለ ማመንታት ጨበጠና ማለ። እኔ ግን የሰማሁት “አባቷ አይደለሁም” የሚለውን ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ጆሮዬ ደጃፍ ላይ ቀረ።

ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። “ተማሪ አይደለሽ? ባዶውን አንቺው ሙይ” አለኝና የጣት ማተሚያውን ቀለም ሊፈልግ ተነሣ። ስሙን ሞላሁ፣ አገሩን ሞላሁ። ከታች “ዋሱ ለተማሪዋ ያለው ዝምድና” የሚል ቦታ ነበር። ከሐዘን ይልቅ ንዴት ይዞኝ ነበር። “ዝምድና የለውም” ብዬ ጻፍሁ። እንዲያመው ፈልጌ ነው፤ ማንበብ እንደማይችል እንኳ በዚያች ሰዓት አላሰብሁትም።

አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ መጣና አጠገቤ ቆመ። ጣቱን ወረቀቱ ላይ ከማሳረፉ በፊት ያን መስመር በዓይኑ ተከተለው።

“እዚህ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?” አለኝ በቀስታ።

ዓይኑን እያየሁ እውነቱን ልነግረው አልቻልሁም።

“አባት ብዬ” አልሁት።

አባቴ፣ አሁን ጸሐፊው በጨርቁ መልሶ ወደሚጠቀልለው ወንጌል ዞሮ አየ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልማለውን ውሸት በጣቱ እንደማያትም እርግጠኛ ነበርሁ፤ ሰርዥው እስኪለኝ ጠበቅሁ።

“ይህችን እንኳ እግዜር ይቅር ይለኛል” አለና፣ እኔ ከጻፍሁት አጠገብ አውራ ጣቱን አጥብቆ ተጫነ።