ከማርስ አየር የተሠራው የኮት ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ ለሙያዋም ለምላሷም አንድ ስም ይበቃል ተብሎ። የምትኖረው እዚያው በምትሰፋበት ክፍል ነው። አሮጊት እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተው ይስላሉ። ሳሉን ያመጣባቸው ጎረቤት ነው።

ጎረቤቱ የምርምር ቤት ነው። ማርስ የምትባለው ፕላኔት አየሯ ከሞላ ጎደል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው አሉ፤ እነሱም ወደፊት እዚያ ለሚሄዱ ሰዎች ያንን አየር ወደ ፕላስቲክ የሚለውጥ ማሽን ይሠራሉ። ደግ አደረጉ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ግን ጭሱን የሚተፋው በመርፌ መስኮት ነው።

ስንቴ ነገረቻቸው። ኃላፊው ትሕትናው ለጉድ ነው፦ «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱን። ለሰው ልጅ ነው የምንለፋው።»

«እናቴስ ከሰው ልጅ አትቆጠርም?»

አንድ ጠዋት ኃላፊው ኮቱን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ። ማሽኑ፣ የማርስን አየር አስመስለው ከሞሉለት ጋዝ፣ ወልዷል፤ ግራጫ፣ ጠርዙ የጎረበጠ የኮት ቁልፍ። እንግዶች እየመጡ ነው፣ ደረቱ ላይ ሆኖ ሊያዩት ይገባል።

«ቁጭ በል» አለችው፣ አልጋው አጠገብ ያለውን በርጩማ እያሳየች። «ቁልፍ የሚተከለው ባለቤቱ ፊት ነው።»

ክሩን ደረበች። ሰፋች። ጠመመ ብላ ፈታችው። ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ጭሱ ዘው ይላል፣ አሮጊቷ ይስላሉ። ቆይቶ እሱም ሳለ።

«መስኮቱን ብንዘጋውስ፣ እትዬ?»

«ዝጋው። ካውያዬ የከሰል ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚታፈን እናያለን።»

«እባክዎ ቶሎ ይበሉ፣ እንግዶቹ ደረሱ።»

«ማርስ የሚሄደው ሰውዬ ገና ጓዙን አልሸከፈም፤ እሱን ስትጠብቅ ዓመት ተቀምጠሃል። እኔን ለአንድ ቁልፍ አትታገስም?»

ይሄኔ እናትየው ትንፋሽ አጠራቸው። እጃቸው የሚይዘው አጥቶ የኃላፊውን ጉልበት ጨበጠ። መርፌ ስፌቷን አቆመች፤ ቀልዱም እዚያው አለቀ።

«አየህ?» አለችው ዝግ ብላ። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት።»

ሰውየው ዓይኑ እያነባ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ዘበኛውን ጠራ። «ጄኔሬተሩን አጥፋው።»

«ማሽኑ ይቆማል እኮ ጌታዬ። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው።»

«አጥፋው አልኩህ።»

እንግዶቹ የቆመ ማሽንና ቁልፉ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ኮት የለበሰ ኃላፊ አይተው ተመለሱ። የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ቧንቧ በማግስቱ ከጣራ በላይ ወጣ። ሰፈሩ ታዲያ «ወይ ደግ ሰው!» ይለዋል፤ መርፌን የሚያንገበግባት ይሄ ነው።

«ዓመት ሙሉ ሳሏን በግድግዳ ሲሰማ ደግነቱ የት ሄዶ ነበር?» ትላለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ታዲያ፤ እናቷ ተኝተዋል።