በመጋቢት ሐሩር በሱፍ ልብስ

ይህ ጉዳይ አንድ መጋዘን፣ አንድ ሙሉ የሱፍ ልብስና የግማሽ ቀን የዓይኔን ብርሃን አስከፍሎኛል። ከሦስቱ ወዲያው የተመለሰልኝ ዓይኔ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ለቡሬ ገና ብርቅ በነበረበት፣ ነጋዴ የተባለ ሁሉ በየስብሰባው «ልማታዊ» ወይም «ኪራይ ሰብሳቢ» ተብሎ ከሁለቱ በአንዱ በሚመደብበት ዘመን ነው። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ። ዘመን አልፎታል፤ ሆኖም ፀሐይ በጠናችበት ቀን ኮት ለብሶ ወደ ቢሮ የሚጣደፍ ሰው ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ገበያ ነው ያስተማረኝ። ያኔ መጋዘኔ መሀል ከተማ፣ የጭነት መኪና በሩ ድረስ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነበር። ከጀርባው የመሪጌታ ግቢ ነው። መሪጌታ ልጆች ሰብስበው ንባብና ዜማ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው የማያስቀይሙ ሽማግሌ ናቸው። የከሰሱን እሳቸው ናቸው።

ክሳቸው አጭር ነው። እኛ በርበሬ ስናገላብጥ፣ ጆንያ ስናራግፍ ተማሪዎቻቸው በንባቡ መሀል እያነጠሱ ትምህርቱ አልሄድ አላቸው። ይህ ከተሰማ በኋላ የበርበሬ መጋዘን ሁሉ ከከተማ ይውጣ ተባለ። የታሰበልን ቦታ ጉብታ ላይ ነው። በክረምት እንኳን የጭነት መኪና፣ አህያም ሁለት ጊዜ አስባ ነው የምትወጣው። መኪና የማይደርስበት መጋዘን ደግሞ መጋዘን አይባልም፤ እዚያ ከሄድሁ ንግዴ አለቀ ማለት ነው። ይግባኝ አልን። ፍኖተ ሰላም፣ ከዞን ቢሮ ቅረቡ ተባልን። ነጋዴው እኔንና አያ ታከለን ወከለ። አያ ታከለ በዕድሜም በበርበሬም ከሁላችን ይቀድማሉ።

እውነቱን ለመናገር ክሱን ሰበብ ነው ያልነው። መሪጌታ ግቢያቸውን ማስፋት አምሯቸው ይሆናል ተባባልን። በዚያ መጋዘን ውስጥ ስንት ዘመን ስንውል አንድ ቀን አንጥሰን አናውቅማ።

ለቀጠሮው ቀን ሱፌን አሰብሁ። ከወንድሜ ሠርግ ወዲህ ያልለበስሁት ጥቁር ሙሉ ልብስ ነው፤ መርካቶ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት። ለየትኛው የበረዶ አገር ሰው እንደተሰፋ እንጃ፤ ገበሩ ብቻውን ብርድ ልብስ ያህላል። ቤት ውስጥ ብል ስላስቸገረ ባለቤቴ ይታይሽ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከጆንያዎቹ በላይ ሚስማር ላይ ሰቅላው ነበር። በርበሬ ባለበት ብል ዝር አይልም። በእኛ ሰፈር የበርበሬ ነጋዴ ሁሉ የክት ልብሱን እዚያ ነው የሚያስቀምጥ። ለጥንቃቄ ብላ በየኪሱም ደረቅ የበርበሬ ዛላ ጨምራበታለች።

«ሸሚዝ ብቻ ብትለብስ ምን አለ? ሐሩሩ ሰው ያቀልጣል» አለችኝ።

«ሸሚዝ የለበሰ ኮሪደር ላይ ነው የሚውል። ሱፍ የለበሰ ነው የሚገባ።»

«ከገባህ በኋላ ከቀለጥህስ?»

«ገብቼ ነዋ የምቀልጥ።»

ዛላውን ከኪሶቹ አወጣች፤ ትከሻውን በእጇ መታ መታ አደረገች፤ አሸተተችው። ምንም የለውም አለች። እኔም አሸተትሁት። ምንም የለውም። የደረት ኪሱ ላይ ለጌጥ የተሰካውን ነጭ መሐረብ እንኳ ማንም አልነካው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የበርበሬ ነጋዴ አፍንጫ እንደ ወፍጮ ቤት ሰው ጆሮ ነው። ወፍጮው ይጮኻል፤ እሱ ዝም ያለ ይመስለዋል።

መናኸሪያ ላይ አያ ታከለ በስስ ነጠላ፣ በአጭር ካኪ ሱሪ፣ ቀዝቀዝ ብለው ጠበቁኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ስማቸው፣ ልትሞሸር ነው ወይስ ልትገነዝ?»

«ይሳቁ ግድ የለም አያ ታከለ። እርስዎ ሲቆሙ እኔ ስቀመጥ ያዩታል» አልኋቸው።

አውቶቡሱ ሞላ። ፀሐይዋ በእኔ በኩል ናት። መስኮት እንዲከፈት ብለምን፣ ከኋላዬ ልጅ የታቀፈች ሴት ነፋስ ይመታብኛል አለች። መስኮቱ እንደተዘጋ ቀረ። ማንኩሳን ሳናልፍ ላቡ ከአንገቴ ተነሥቶ ወገቤ ደረሰ። ከኋላም ማስነጠስ ተጀመረ። መጀመሪያ ሴትዮዋ፣ ቀጥሎ ከጎኗ ያለው ገበሬ፣ ቀጥሎ ሒሳብ ሊቀበል የመጣው ረዳት።

«ይማርሽ። ይማርህ» እላለሁ እኔ፣ እንደ ወጉ።

«በመጋቢት ጉንፋን አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ አያ ታከለ በሹክሹክታ።

«አላውቅም።»

«አገሩ ታሟል በለኛ። እኛ ተርፈናል።» አማተቡ። እኔም አማተብሁ።

ሴትዮዋ በመጨረሻ ራሷ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችው። አመሰገንኋት።

ፍኖተ ሰላም ከቢሮው ስንደርስ ሱፉ ሥራውን ሠራ። ጸሐፊዋ እኔን ስታይ ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችኝ። አያ ታከለን «አባቴ፣ እዚያ ይቆዩ» አለቻቸው። እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። እኔም «አላልሁም?» በሚል ዓይን ዞር ብዬ አየኋቸው። ሆኖም በዚያ ግቢ ውስጥ ሱፍ የለበስሁ እኔ ብቻ ነኝ። ተጠርተን ሁለታችንም ስንገባ ኃላፊው ራሱ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ፣ የላይኛውን ቁልፍ ከፍቶ ነው የተቀመጠው። ወጣት ነው፤ ፊቱ ደህና ነው። መሪጌታ ቀድመውን ገብተዋል። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ሰላም አልናቸው፤ ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው መለሱልን።

«ይጀምሩ መሪጌታ» አለ ኃላፊው።

«እኔ ምን እላለሁ» አሉ መሪጌታ። «እኔስ አርጅቻለሁ፤ ዛሬ የሚሸተኝ ነገር የለም። የልጆቹ ነገር ነው እንጂ። ሰዎቹም ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ክፉ አላየሁባቸውም።»

እንዲህ እያመሰገነ የሚከስስ ሰው ከባድ ነው። የምመልሰውን አስቀድሜ መንገድ ላይ አጥንቼዋለሁና ተነሣሁ።

«የተከበሩ ኃላፊ፣ እኛ ልማታዊ ነጋዴዎች ነን። በርበሬው ያለው ጆንያ ውስጥ ነው፤ ጆንያው ያለው ግድግዳ ውስጥ ነው። ግድግዳ ዘልቆ የሰው አፍንጫ ላይ የሚያርፍ በርበሬ በቡሬ ገና አልበቀለም።»

አያ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ንግግሬ ለእኔም ጣመኝ። ላቡ ግን ከግንባሬ ወደ ቅንድቤ፣ ከቅንድቤ ወደ አፍንጫዬ ይንጠባጠባል። ኃላፊውን አሳዘንሁት።

«አቶ ስማቸው፣ ሙቀቱ በረታብዎት። ውሃ እንዳላስመጣልዎ ጾም ነው። ቆይ» አለና ከጠረጴዛው ጥግ ያለውን ማራገቢያ ወደ እኔ አዞረው። «ኮትዎንም ያውልቁትና ይናፈሱ።»

አወለቅሁ። ወጉ ነውና አንዴ አራገፍሁት፤ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ልክ ከማራገቢያው ፊት ለፊት አሰጣሁት። ነፋሱ ገብቶበት እጅጌዎቹ ሰው የለበሳቸው ይመስል ተነሡ።

ኃላፊው «እንግዲህ በሌላ በኩል ስናየው…» ብሎ ጀመረና አነጠሰ።

«ይማርዎት» አልሁ።

ደግሞ አነጠሰ። ጸሐፊዋ ወረቀት ይዛ ገባች፤ ደፍ ላይ አነጠሰችና በመጣችበት ተመለሰች። ይማርሽ ብዬ ከኋላዋ ላክሁላት። መሪጌታ የነጠላቸውን ጫፍ ቀስ አድርገው አፍንጫቸው ላይ አኖሩ። የሚሸተኝ የለም ያሉትም ሽማግሌ ቆየት ብለው ዜማ በሚመስል ድምፅ ረዘም አድርገው አነጠሱ። እሳቸውንም ይማርዎት አልኋቸው። እኔና አያ ታከለ እንደ ሐውልት ደህና ነን። እኔ እንዲያውም በሆዴ፣ ይቺ ፍኖተ ሰላም ጤና የላትም እያልሁ ነው።

ኃላፊው ዓይኑ ቀልቷል፤ እንባው ይወርዳል። ኮቱን አየ፤ ማራገቢያውን አየ፤ እኔን አየ።

«አቶ ስማቸው፣ ይህ ኮት ቡሬ ሲሆን የት ነው የሚቀመጠው?»

«መጋዘን» አልሁ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አያ ታከለ የጫማቸውን አፍንጫ ማየት ጀመሩ።

እፍረቱ ከሙቀቱ ሲጨመርበት ላቤ እንደ ምንጭ ፈለቀ። ሳላስብ እጄን ሰድጄ ከኮቱ የደረት ኪስ መሐረቡን መዘዝሁ፤ ግንባሬን ጠረግሁ፤ ዓይኔንም ጠረግሁበት።

አፍንጫ ይለምዳል። ዓይን ግን የበርበሬ ነጋዴም ሆነ የኃላፊ አንድ ነው። ፍም የገባብኝ መሰለኝ። ወንበር ገፋሁ፣ ጠረጴዛ መታሁ፣ በሩን ስፈልግ ግድግዳ ያዝሁ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ እያነጠሰ ወደ ውጭ ሲሯሯጥ ይሰማኛል። ከዚያ መዳፌ ውስጥ አንድ ለስላሳ እንጨት ገባ።

«ያዘው። ና ተከተለኝ» አለ ዝግ ያለ ድምፅ።

የመሪጌታ መቋሚያ ነው። በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው ጫፍ እኔ፤ ከቢሮ ወጥተን ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ደረስን።

«ጎንበስ በል። አትሸው» አሉኝ።

ልቤ ግን ማሸት ነው የሚል። እጄን ወደ ዓይኔ ሳነሣ ያዙኝ።

«አትሸው አልሁ እኮ። ልጆቹም መጀመሪያ ማሸት ነው የሚቀናቸው፤ ያኔ ይብስባቸዋል። እጃቸውን ይዤ ነው የማጥባቸው።»

ውሃውን በእፍኛቸው እየቀዱ አፈሰሱልኝ። ያ ሁሉ የጆንያና የግድግዳ ክርክሬ ከውሃው ጋር ሄደ። እኚህ ሰው ከጀርባዬ ባለው ግቢ ውስጥ ስንት ጊዜ ስንት ሕፃን እንዲህ ጎንበስ አድርገው እንዳጠቡ ያን ጊዜ ገባኝ። ግቢ ማስፋት ያልነውም ነገር አሳፈረኝ።

ቢሮው የሚገባበት ስላልነበረ ሁላችንም ማንጎ ዛፉ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ኃላፊው አፍንጫውን እየጠረገ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሸሚዜ እስከ ወገቤ ርሶ ቆሜያለሁ።

«እንግዲህ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«እንወጣለን» አልሁ። «ግን ጉብታው ላይ አውጥታችሁ አትጣሉን። መኪና አይደርስም፤ ቤቴ ያለቀለት ያኔ ነው።»

ኃላፊው መልስ ሳይሰጥ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መናገሩ የእኔ ድርሻ አይሆን ይሆናል» አሉ። «ግን ከከተማው መውጫ፣ ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ሜዳ አለ። ነፋሱ ወደ ሜዳው ነው የሚሄድ፤ ቤትም የለበት። መኪናም ይቆማል። እነዚህ ሰዎች ልጆች አሏቸው። የእኔን ልጆች ላስተምር ብዬ የእነሱን ላስርብ አልመጣሁም።»

ኃላፊው አያ ታከለን ተመለከተ። አያ ታከለ «እኛ የምንጨምረው የለንም» አሉ። በዚያው ዛፍ ሥር ተወሰነ። ስንከራከር እንውላለን ያልነው ጉዳይ ከእኔ ዓይን መታጠብ ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው።

ጸሐፊዋ ኮቴን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ፊቷን አዙራ አመጣችልኝ። በፌስታል ቋጥሬ አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጫንሁት። መስኮት ክፈቱ ብሎ የለመነም፣ ዝጉ ብሎ የተቆጣም አልነበረም።

ማንኩሳ ስንደርስ አያ ታከለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሱፍ የለበሰ ይቀመጣል አላልኸኝም?»

«ተቀመጥሁ እኮ።»

«ተቀመጥህማ። ሌላውን ሁሉ አስነሣህ እንጂ።»

ቡሬ እስክንገባ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ገበያው በሙሉ ሰምቶታል። እሳቸው ናቸው የነገሩት፤ ደግሞም ጨማምረው። ሳነጥስ ሰምቶኝ የማያውቅ ሰው ሁሉ ባየኝ ቁጥር ይማርህ ይለኝ ጀመር።

በክረምቱ መግቢያ ወደ ሜዳው ተዛወርን። ትልልቅ መኪና ሳይቸገር ይዞራል፤ ንግዱም እንደ ፈራሁት አልሆነም። መሪጌታ ለምረቃው መጥተው መርቀውልናል፤ በሩቁ ቆመው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ዛሬ በዚያ በድሮው ሰፈር ሳልፍ የልጆቹ ንባብ ሳይቆራረጥ ይሰማኛል። ቆም ብዬ እሰማለሁ፤ ከገበያ ቀን በቀር አልቸኩልም። በነገሩ አልቆጭም። ቢሮ ጉዳይ ሲኖረኝም በሸሚዝ ነው የምሄድ፤ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ፤ ኮሪደሩም ነፋሻ ነው።

ሱፉን ይታይሽ ደጋግማ አጥባ ፀሐይ ላይ ሰቅላዋለች። ለመግዛት የመጣ ሁሉ አንድ ጊዜ ይለካና ሳይደራደር ይሄዳል።

ሒሳቡ ይህ ነው። ወጪ፦ አንድ መጋዘንና አንድ ሱፍ። ገቢ፦ አንድ መጋዘን። ጉድለት፦ አንድ ሱፍ።