ሰባት ስሞች በደብተር ላይ

የታጠቁ ሰዎች የያዙኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ክፍል በር ላይ ነው። የኮምፒውተር መምህር ነኝ። በጦርነቱ ኢንተርኔትም መብራትም ከጠፋ ወራት አልፈው ስለነበር፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በጠመኔና በደብተር ነበር የማስተምረው። ደብተሬን ወሰዱት። እኔን የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት አስገቡኝ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ነው። የገብስ አቧራና የሽንት ሽታ ጉሮሮ ይይዛል።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ደብተሬን ገለጠ። አንዱ ገጽ ላይ ሰባት ስሞች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው «ለእያንዳንዱ ስም ትእዛዙን ፈጽም» ብዬ በአማርኛ ጽፌያለሁ። እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደታዘዙ ጠየቀኝ። የታዘዘው ኮምፒውተሩ መሆኑን፣ ስም እየጠራ ሰላምታ እንዲጽፍ ብቻ መሆኑን አስረዳሁት። ስሞቹ ግን ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው አልኩ። የተማሪዎቼ ነበሩ።

«እናገኛቸዋለን» አለ፤ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

አጠገቤ የሚተኙት ሰው ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው። ጭንቀቴን አይተው ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። ያ ደብተር የያዘውን ትምህርት አስተምረኝ አሉ። አቧራው ላይ በጣቴ እየጻፍኩ ጀመርን፤ መጀመሪያ ስም ወይም ቁጥር የሚቀመጥበትን ዕቃ፣ ቀጥሎ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ» የሚለውን፣ ከዚያ ድግግሞሽን።

«ማብቂያው ካልተነገረውስ?» አሉ።

አያቆምም አልኳቸው። ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ።

አንድ ጠዋት ተጠሩ። የስሞቹን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩና፣ እስኪመለሱ ድረስ መቀመጥ አቃተኝ። ሲመለሱ ጥምጥማቸው የለም፤ ከንፈራቸው አብጧል። ውሃ ሰጠኋቸው። መርማሪው፣ ቅኔ ያውቃሉና የደብተሩን ምስጢር ይፍቱልኝ እንዳላቸው በዝግታ ነገሩኝ።

«የኔ ትምህርት ሰምና ወርቅ አለው፤ የዚህ ልጅ ግን ሰም ብቻ ነው፣ ከተጻፈው ሌላ የሚፈታ የለውም አልኩት።»

ደብተሩ የያዘው የምስጢር መልእክት ነው የሚል ወረቀት ሰጥቶ ፈርሙ ሲላቸው እምቢ ብለዋል። ስለ ስሞቹስ ምን አሉት ስል፣ ባበጠው ከንፈራቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«ዕቃው የትኛውንም ስም ይቀበላል፣ ያንተንም ብታገባበት ይሠራል አልኩት።»

በማግስቱ ጠባቂው በሩን ከፍቶ መምህሩ ጓዛቸውን ይዘው እንዲወጡ አዘዘ። እዚያ ቤት ይህ ጥሪ መፈታትም ሊሆን ይችላል፤ ሌላም። ውጭ የመኪና ሞተር ተነስቷል። እሳቸው ከጋቢያቸው ጠርዝ አንድ ቁራጭ ቀደው ራሳቸው ላይ መጠምጠም ጀመሩ። ጠባቂው ቶሎ በሉ አለ።

«ቆየኝ ልጄ። ራሴን ሳልጠመጥም ሰው ፊት አልወጣም።»

ቆየ። ዙሩን ጨርሰው፣ በእጃቸው ዳብሰው አስተካከሉና ወጡ። መኪናው ወደ አገራቸው በሚወስደው በደብረ ታቦር መንገድ አልሄደም። ድምፁ ወደ ቆላው እየራቀ ጠፋ።

እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ። ከተማሪዎቼ አንድም የተነካ የለም። ቤተ ልሔም ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ አልተመለሱም፣ የት እንዳሉ የሚያውቅም የለም። ሰው ስለ እሳቸው ሲያነሳብኝ «መምህር ናቸው» እላለሁ። «ነበሩ» ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።