ላልቶ የተነበበው ጥያቄ

አባቴን ማተሚያ ቤት ውስጥ «አራት ነጥብ» ነበር የሚሉት። ሥራው እርማት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሮ ጡረታ ወጣ። ስሙን ያወጡለት ግን ለሥራው ብለው አይደለም። አባዬ አንድ ነገር ይናገርና ያበቃል። «ምሳ በላህ?» ሲሉት «በላሁ» ይላል፣ አለቀ። «ምን በላህ?» ብሎ የሚጨምር ሰው ከመጣ ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ሰውየው ራሱ አፍሮ ይሄዳል።

እማዬን ያገኛት እዚያው ማተሚያ ቤት ነው። እሷ መጠረዣ ክፍል ውስጥ ወረቀት እያጠፈች በመርፌ ትሰፋ ነበር። በእጇ ያላለፈ መጽሐፍ የለም፤ አንዱንም ግን ማንበብ አትችልም፣ ፊደል አልቆጠረችም። ከተጋቡ በኋላ «ላስተምርሽ» ቢላት እምቢኝ አለች። «እኔ ማንበብ ከቻልኩማ አንተ ጭራሽ አፍህን ልትዘጋ ነው!» እውነቷን ነው። ቃል በግድ የሚወጣው ሰውዬ መጽሐፍ ሲያነብላት ሌላ ሰው ይሆናል። ይቆጣል፣ ይለማመጣል፣ ሴት ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ታዳምጣለች፤ መሃል ላይ «ውሸቱን ነው፣ አትመኚው!» እያለች ከባለታሪኮቹ ጋር ትከራከራለች። እኔና እህቴ ያደግነው ይህን እየሰማን ነው። እህቴን መጽሐፍ አስያዛት፣ እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አዎ፣ መጽሐፍ አልወድም፤ ምን ይደበቃል! ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ የስፌት ማሽኔን አስቀምጬ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። አባዬ ምላሴን አይቶ «መቀስ» ይለኛል። ታናሽ እህቴ ግን ተምራ ተምራ አልበቃ አላትና ዶክትሬት ጀመረች። ስለ ምን ብትሉ፣ ሰውን እንዲያነብ የሚያነሳሳው ምንድን ነው የሚል የሥነ ልቦና ጥናት። ለዚህ ደግሞ አንድ ድርጅት ወጪዋን ይችልላታል! «ወይ ጉድ» አልኳት፣ «እንግዲያው እኔም ሰው ለምን ሱሪ እንደሚለብስ ላጥናና ይክፈሉኝ።» እማዬ ሽንኩርቷን አስቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። እህቴን ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዶክተሯ» አልናት።

እማዬ የታመመችው አንድ ወፍራም መጽሐፍ መሃል ላይ ነው። ጎርፍ ድልድዩን ሰብሮበት ወንዝ ማዶ ስለቀረ አንድ የባቡር ሾፌር የሚያወራ ነው። «ይሄ ምስኪን ቤቱ ይገባል አይገባም?» ብላ ጠየቀችው። አባዬ «ነገ» አላትና ከእኔ ቁርጥራጭ ጨርቆች አንዷን ቀይ መዞ ገጹ ላይ አደረገ። በማግስቱ ሆስፒታል አስገባናት፤ በዚያው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አባዬ መጽሐፍ አልነካም። ካላነበበ ደግሞ አይናገርም። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሻይ ሲሰጡት ይጠጣል፣ ከዚያ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ገብቶም አይወጣም፤ ውሃው ሲንፎለፎል እሰማለሁ። «አባዬ! ኧረ ውሃው!» እላለሁ ከማሽኔ ላይ ሆኜ። «እሺ» ይላል። ውሃው ግን አይዘጋም።

ዶክተሯ የተማረችውን ሁሉ ሞከረችበት። መነጽሩን አስቀየረች። ወንበሩ አጠገብ ደማቅ መብራት አቆመች። ጋዜጣ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ትታ ትወጣለች፤ እሱ አጥፎ ያስቀምጠዋል። እሷ ይህን ነገር «ተነሳሽነት» ትለዋለች። «መጀመሪያ ከወንበሩ ይነሳ እንጂ!» አልኳት። ሌላ ጊዜ ትስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«እህቴ፣ አታላግጪ። የገዛ አባቴን መጽሐፍ ማስያዝ ያቃተኝ እኔ ስለማን ነው የምመራመረው? እሱ እንዲህ እንደሆነ ከቀረ እኔም ትምህርቱን እተወዋለሁ።»

«ተይ፣ ተይ» አልኳት። ግን እኔም ፈርቼ ነበር። አባታችን ቁጭ ብሎ እያየነው እያለቀብን ነበር።

በዚያ ሰሞን የጥናቷን መጠይቅ አዘጋጀች። ሰው ስለ ንባብ እንደሚጠየቅ ቀድሞ ካወቀ ይኮራራል፣ ያላነበበውን አነበብኩ ይላል ብላ ንባብ የሚለውን ቃል ከርዕሱ ላይ አወጣችው። «ስለ ግል ልማድዎ» ብቻ ይላል። ለሌላ ሰው ከማደሏ በፊት ጥያቄው ግልጽ መሆን አለመሆኑን ለማየት አንዱን ለአባዬ ሰጠችው። «አባዬ፣ ሙላልኝ፤ ስህተት ካለውም አርምልኝ» አለችው። አባዬ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እሷን አየ። የእርማት ቀይ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

በበነጋው ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ መጣችና ልተኩሳቸው ከከመርኳቸው ልብሶች ላይ ዘፍ አለች።

«አባዬ እየቀለደብኝ ነው።»

«አባዬ? ከመቼ ወዲህ?»

«ስሚ እንግዲህ። ‹በየቀኑ ያነባሉ?› ይላል ጥያቄው። ‹አዎ› ብሏል።»

«ውሸት!»

«ቆይ። ‹ብዙ ጊዜ የሚያነቡት የት ነው?› ‹መታጠቢያ ቤት፤ ውሃ ከፍቼ።› ‹ሲያነቡ ሰው ቢያይዎት ምን ይሰማዎታል?› ‹አፍራለሁ። ልጆቼ እንዳይሰሙ እጠነቀቃለሁ።› ምን ማለት ነው ይሄ? መጽሐፍ ይዞ ነው እንዴ የሚገባው?»

ልክ ያን ጊዜ በግድግዳው በኩል ውሃው መፍሰስ ጀመረ። ሁለታችንም ሰማነው። ማሽኔን አቆምኩ። ወረቀቱን ከእጇ ቀማኋትና ራሴ አየሁት።

«አንቺ» አልኳት፣ «ጠበቅ አድርገሽ እኮ ነው የምታነቢው። እስቲ ላላ አድርጊው።»

ወረቀቱ ላይ ‹ያነባሉ› ይላል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ አንባቢው በልቡ ያለውን ይዞ ያነበዋል። እሷ የጻፈችው ስለ መጽሐፍ ነው። አባዬ የተጠየቀ የመሰለው ግን ስለ እንባው ነው። ልጁ ለቅሶውን ሰምታ፣ በአፏ መጠየቅ ከብዷት በወረቀት የጠየቀችው መስሎታል። የሰው ፊደል ሲያርም የኖረው ሰውዬ ይህችን አለፋት።

ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች። የመጨረሻውን ጥያቄ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ላላ አድርጌ። «ለምን ያነባሉ?» ከሥር በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ፣ በቀይ፣ «የማነብላት ስለሌለች» ብሏል። አራት ነጥቡንም አልረሳም።

እህቴ ጭኔ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም ምን ቀረኝ፤ የሰው ሱሪ በእንባ አረጠብኩ። ወረቀቱን ሊታረም የሚገባው ስህተት አለበት ብላ ልትቀደው ነበር፣ እኔ ከለከልኳት። «አስቀምጪው። ያን ሁሉ መብራት የገዛሽው እሱ ማየት የተሳነው መስሎሽ ነው፤ የጠፋበት ግን ሰሚ ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ቀይዋ ጨርቅ እንዳለች ናት። ጠርዙ በመርፌ የሚለቀም ቀሚስ በሌላው እጄ ይዤ አባዬ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እስቲ አንብብልኝ።»

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «አንቺ መጽሐፍ ትጠዪ የለ?»

«አሁንም እጠላለሁ። ግን እጄ ሥራ ይዟል፣ ጆሮዬ ቦዝኗል።»

«ማሽንሽ ይጮኻል።»

«ይሄ በእጅ ነው የሚሰፋው። ሌላ ሰበብ አለህ?»

ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። መጽሐፉን ጨርቋ ያለችበት ላይ ከፈተና እጁ ቆመ። «ከመሃል አይገባሽም» አለ።

«ከመጀመሪያው ጀምር እንጂ! ምን አስቸኮለህ?»

ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥጥ አለ፤ ቆይቶ ተፍታታ። እኔም ሳላስበው «ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባዬ ንባቡን አቋርጦ አየኝ። «ልክ እንደ እናትሽ» አለና ቀጠለ። በየከሰዓቱ እንዲህ ሆነ። ደንበኞቼ ልብሳችን ዘገየ ብለው አጉረመረሙ፤ ይጉረምረሙ።

ጨርቋ ዘንድ የደረስን ቀን ግን መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘጋው።

«ከዚህ ወዲያ እሷ አልሰማችም» አለ። «እሷ ሳትሰማ እኔ ልወቀው?»

መርፌዬን ቀሚሱ ላይ ሰካሁና እጁን ያዝኩት። «አባዬ፣ ‹ነገ› ብለሃታል እኮ። እሷ ቀጠሮ ስታፈርስ አታውቅም። አንብብላት፤ እኔ እሰማላታለሁ።»

አባዬ ጨርቋን አንስቶ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታትና ገጹን ገለጠ። ሾፌሩ ወንዙ እስኪጎድል ጠበቀ፣ በእግሩ ተሻገረ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ሰፈሩ ደረሰ። በሩን ሲያንኳኳ የአባዬ ድምፅ ተሰበረ። አላቆመም። እንባው ገጹ ላይ እየወረደ፣ በእኔ ፊት፣ ሳይደብቀው፣ ሚስትየዋን በቀጭን ድምፅ «ማነው?» አሰኛት።

ዶክተሯ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማለች። ድምፅ የሌለው ሹክሹክታ ነው የወጣት።

«አባዬ ያነባል?»

አጥብቃ ትበል አላልታ አልለየሁም።

«አዎ» አልኳት። «ነይ ተቀመጪ።»