ያላረገዘችው ነፍሰ ጡር

መርፌ ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ናት፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሥራ ስትጀምር ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ እጇ የማያርፍ ልጅ ነበረች። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰውነቷ ሞልቷል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። አዲስ ደንበኛ «መርፌ የታለች?» ብላ ስትጠይቅና እሷ ብድግ ስትል፣ የደንበኛዋ ፊት ላይ ብልጭ የሚለውን ነገር ታውቀዋለች። ቀድማ ትስቅበታለች። «መርፌዋ ክሩን ከነጥቅሉ ውጣው ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ ነገሩ ያልፋል።

የማያልፈው የቤቱ ነገር ነው። ካገባች አምስት ዓመቷ ሲሆን፣ ከባሏና ከአማቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ አንዱ ክፍል ውስጥ ያስነጠሰ ከሌላው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። ቁልፍ ያለው የመታጠቢያ ቤቱ በር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይነሣ እዚያ ገብታ ትቆልፍና፣ መስታወት ፊት ቆማ የአገጯን ፀጉር በወረንጦ አንድ በአንድ ትነቅላለች። ጥቁርና ጠንካራ ነው፤ የወንድ ጢም። ወረንጦ ድምፅ ያለው ይመስል ቧንቧውን ከፍታ ነው የምትነቅለው።

አማቷ ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር። ግን አይደሉም። «የኔ ልጅ» እንጂ ሌላ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በአፋቸው አይጠይቁም፣ በዓይናቸው ነው።

የወር አበባዋ ከጉርምስናዋ ጀምሮ በሦስትና በአራት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። አምና ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ካያት በኋላ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል። የሆርሞን መዛባት ነው። ፀጉሩም፣ ውፍረቱም፣ የወር አበባው መዛባትም ከዚሁ ነው። ክብደት ቀንሺ» አላት።

«ልጅስ?»

«ሊያስቸግርሽ ይችላል፣ ክትትል ይፈልጋል። ቀጣይ!»

ደረጃውን ስትወርድ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «ሊያስቸግርሽ ይችላል» የሚለው ብቻ ነበር። ለማንም አልተነፈሰችም።

ዘንድሮ ደግሞ አራቱም ወር አልፎ ቀረ። አማቷ የሞዴሱ ጥቅል ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ አቧራ ሲጠጣ አይተዋል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣

«ልትነግሩኝ ነው ወይስ እኔው ልናገር?» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«አምስት የወለድኩ ሴት ነኝ እኮ! ዓይኔ የታወረ መሰለሽ?»

ባሏ ቀና አለ። ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ፣ ደክሞት የሚገባ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። እሷ «አይደለም» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ያንን ሳቅ እያየች ቃሉ አልወጣ አላት።

«ገና... እርግጠኛ አይደለሁም» አለች።

ይቺ አንዲት ቃል በቃች። በሳምንቱ አክስቶች ደወሉ፣ ጎረቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል መጣ። ባልዲ ስታነሣ ከእጇ ይነጥቋታል። ፊቷ ላይ የወጣውን ብጉር አይተው «ወንድ ነው፣ ወንድ ልጅ እናቱን እንዲህ ያበላሻል» ተባባሉ። አማቷ ምቹውን ፍራሻቸውን ለቀውላት እሳቸው ወለል ላይ አነጠፉ። ይባስ ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

«አዙሮሽ ብትወድቂ ማን ይደርስልሻል፣ የኔ ልጅ?»

እውነቱን ልናገር ባለች ቁጥር አንድ ሰው ስጦታ ይዞ ብቅ ይላል። ቀኑ በገፋ መጠን ውሸቱም አብሮ ገፋ፤ ሆድ ሊገፋ በሚገባው ቦታ።

ወረንጦውን ስፌት ቤት ይዛ መሄድ ጀመረች። ከሁሉ ቀድማ ትደርስና ልብስ መለኪያው ክፍል ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ትዘጋለች። አንድ ጠዋት መጋረጃው ሳታስበው ተገለጠ። የገለጠችው ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ቀሚሷን ልትለካ የመጣች የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። መርፌ ወረንጦዋን አገጯ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አስተማሪዋ ወደ ውስጥ ገባችና መጋረጃውን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ወረንጦ እኮ ያቆስላል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ በክር ነው የማስነቅለው። እስቲ እዪው።» አገጯን ወደ መብራቱ አዞረችላት። «ዘጠኝ ዓመቴ ነው ከዚህ ነገር ጋር። አንቺስ?»

መርፌ እንባዋ ቀደማት። ቆማ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የእሑዱን ምሳ፣ ፍራሹን፣ ቁልፉን ሁሉ ዘረገፈችው። አስተማሪዋ እሷን ስትሰማ ከትምህርት ቤት አረፈደች።

«ይኼው ያለብን ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን» አለቻት በመጨረሻ። «ሰባት ነን፤ አንዷ ነርስ ናት፣ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ የካርድ ክፍሉን ታስከፍትልናለች። እኔ አንድ ልጅ አለችኝ፣ በሕክምና ነው ያገኘኋት። ያላገኙም አሉ፤ አልዋሽሽም።»

ቅዳሜ ሄደች። ነርሷ ሐኪሙ በአንድ ትንፋሽ ያለፈውን ሁሉ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻት፤ ሌሎቹ ስለ ጢማቸው ሲቀልዱ መርፌ ቀድማ ሳትስቅ የሳቀችበት የመጀመሪያ ቀን ሆነ። በዚያው ምሽት ራት ከተነሣ በኋላ ለባሏና ለአማቷ እውነቱን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ልቁም?» አሉ አማቷ፤ ክፍላቸው ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉ። ባሏ ጫማውን አጥልቆ ወጣ፤ ተመልሶ ሲመጣ አጠገቧ ተቀመጠና «ያምሻል?» አላት። እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቃት አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አማቷ ግን ለጎረቤቱም ለአክስቶቹም «ፅንሱ ወርዶባት ነው» ብለው አወሩ። ሰው ሊያጽናናት መጣ። መርፌ ላልነበረ ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች፤ «እግዜር ሌላ ይተካልሽ» ሲሏት «አሜን» ከማለት በቀር መውጫ አልነበራትም። ከአንዱ ውሸት ወጣሁ ስትል ሌላው ውስጥ ገባች፤ ይኼኛው ደግሞ የሷ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን አስተማሪዋና ነርሷ ገቡ። ግራና ቀኟ ተቀመጡ። አንዲት አክስት «ወንድ ነበር አሉ» ብላ ስታለቅስ፣ ነርሷ የመርፌን እጅ ጭምቅ አደረገች፤ ከዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል መርፌ ለማንና ለምን እንደምታለቅስ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። እንግዳው እስኪያልቅ ቆይተው ብርጭቆ አጠቡ። ሲወጡ ነርሷ አማቷን «እናቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደኛ ትምጣ፣ መድኃኒቷንም እንከታተላለን» አለቻቸው። አማቷ አላዩዋትም፤ የጠረጴዛውን ልብስ እያጠፉ «ምሳ ሳይደርስ ትመለስ» ብቻ አሉ።

እስከ ዛሬ ልጅ አልወለደችም። አማቷ ስለነዚያ ወራት አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ ሰው «ዳግም አላረገዘችም?» ብሎ ሲጠይቅ ወሬ ይለውጣሉ። የወር አበባዋ በመድኃኒቱ ትንሽ ተስተካክሏል። ቤቱ ያው ጠባብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን መርፌ ልብሷን ቀይራ ትወጣለች፣ ማንም የት ልትሄጂ ነው አይላትም።